ሰርቨር ላይ ራም ጨምራችሁ ነገሩ አልሰምር ሲላችሁ

ራሙን ሰካችሁ። ክዳኑን ዘጋችሁ። ፓወር ስትጫኑ ፋኖቹ ጮኹ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ወይም ሰርቨሩ በሰላም ተነሳና 256 ጊጋ ስትጠብቁ 224 ጊጋ አሳያችሁ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ራሙ ብልሹ ነው» የሚለው ነው። እባካችሁ ለጊዜው አትበሉት።

ብልሹ ራም የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። በእጄ ካለፉት ውስጥ የሚበዙት ግን ሌላ ነበሩ። በደንብ ያልገባ ራም፣ ያለቦታው የተሰካ ራም፣ ሰርቨሩ የማይቀበለው ዓይነት ራም። ሦስቱም ደህናውን ራም ብልሹ ያስመስሉታል። ደህናውን መልሳችሁ ሌላ ብታስመጡ ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሕግ ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትን ወዲያው ጻፉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ከሰርቨሩ አጠገብ ይኑር። ይህን ሕግ የማነሳው ለወጉ አይደለም። ሕጉን ስጥስ ምን እንደገጠመኝ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

1. ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊት

ሰርቨሩ ገና በሰላም እየሠራ ሳለ ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ። ስንት ጊጋ ያሳያል? የትኞቹ ስሎቶች (የራም መሰኪያ ቦታዎች) ተይዘዋል? ራሙ በስንት ፍጥነት ነው የሚሄደው? ሊኑክስ ላይ «ዲኤምአይዲኮድ» የሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን ስሎት በስሙ ጠርቶ ውስጡ ያለውን ይዘረዝርላችኋል። ዴል ላይ አይድራክ፣ ኤችፒ ላይ አይሎ የሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብታችሁም ያንኑ ማየት ትችላላችሁ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱና አስቀምጡ።

የሰርቨሩን ሎግም፣ ማለትም የሚጽፈውን የክስተት መዝገብ፣ አንብቡ። አሮጌው ራም ላይ ከድሮ የነበረ ኤረር ካለ አሁኑኑ እወቁት፤ አለበለዚያ ነገ በአዲሱ ራም ታሳብባላችሁ። አንብባችሁ፣ ኮፒውን አስቀምጣችሁ ስትጨርሱ ሎጉን አጽዱት። ከዚህ በኋላ የሚጻፍበት ሁሉ አዲስ ነገር ነው።

ባዮሱ (ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ ራሙን ከመጨመራችሁ በፊት አዘምኑት፤ ሰርቨሩንም አስነስታችሁ ደህና መሆኑን እዩ። አሮጌ ባዮስ እሱ ከወጣ በኋላ የመጡ ራሞችን፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ ሳያውቃቸው ሊቀር ይችላል። ባዮስ ማዘመንና ራም መጨመርን ግን አንድ ላይ አታድርጉ። ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያቅታችኋል። ባክአፕ መያዙንማ ሳልናገረውም ታውቁታላችሁ።

2. ራሙ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ

እያንዳንዱ ፍሬ ራም ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ብዙ ሰው መጠኑን ብቻ አይቶ ያልፋል። ሙሉ ታሪኩ ግን እዚያች ወረቀት ላይ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ይላል እንበል፦ «32ጂቢ 2አርኤክስ4 ፒሲ4-2666ቪ-አር»።

መጀመሪያ ያለው መጠኑ ነው፤ 32 ጊጋባይት። «2አር» ማለት ራሙ ሁለት ራንክ አለው ማለት ነው። ራንክ ማለት ሲፒዩው በአንድ ጊዜ እንደ አንድ ቡድን የሚጠራቸው ቺፖች ናቸው። «ኤክስ4» እያንዳንዱ ቺፕ ባለ 4 ቢት መሆኑን ይናገራል። «ፒሲ4» ዲዲአር4 ማለት ነው፤ «ፒሲ3» ቢል ዲዲአር3፣ «ፒሲ5» ቢል ዲዲአር5 ነበር። 2666 ፍጥነቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ የምትሏት ናት፤ የራሙን ዓይነት ትናገራለች። «አር» ከሆነች ራሙ አርዲም ነው። «ኤል» ከሆነች ኤልአርዲም ነው። «ኢ» ወይም «ዩ» ካለች ዩዲም ነው፤ የ«ኢ» ኢሲሲ (የዳታ ስህተት ማረሚያ) ያለው፣ የ«ዩ» የሌለው።

እነዚህን አታቀላቅሉ። አርዲም እና ኤልአርዲም አንድ ሰርቨር ውስጥ አብረው አይሠሩም። አርዲም እና ዩዲምም እንደዚያው። የሚያሳስተው ነገር ዲዲአር4 ላይ ሦስቱም ስሎቱ ውስጥ በትክክል መግባታቸው ነው። መግባት ብቻ ግን ምንም አያረጋግጥም። ሰርቨሩ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ስህተቱን ይነግራችኋል።

የዲዲአር ትውልድ ግን ራሱን ይጠብቃል። ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን ነው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም ባለ 288 ፒን ናቸው፤ ወርቃማው ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ግን ቦታዋ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አልገባ ካላችሁ በኃይል አትጫኑት። ቮልቴጁም የተለያየ ነው፤ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ይሠራሉ።

ወረቀቱ ተልጦ ከጠፋ ቺፖቹን ቁጠሩ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ላይ ዳታውን የሚይዙት ጥቋቁር ቺፖች ብዛት ለ9 ከተካፈለ፣ ማለትም 9፣ 18 ወይም 36 ከሆነ፣ ኢሲሲ ያለው ነው። ሰርቨር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከ64 ቢት ዳታ ጋር 8 ቢት ለማረሚያ ይጨመራልና ነው ቁጥሩ እንዲህ የሚሆነው።

ራንክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጠለፍበት ቦታ ነውና። አንድ ቻናል (ሲፒዩውን ከራሙ የሚያገናኝ መስመር) የሚሸከመው የራንክ ብዛት ገደብ አለው። በዜዮን ኢ5 (የኢንቴል የሰርቨር ሲፒዩ) ዘመን ሰርቨሮች ላይ ገደቡ በቻናል 8 ነበር። ባለ አራት ራንክ አርዲም ሦስት ፍሬ አንድ ቻናል ላይ ብትሰኩ 12 ይሆናል። ሦስተኛው ደህና ራም ሆኖ ሳለ ቦታ የለውም።

3. የትኛው ስሎት?

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሲፒዩ የራሱ የራም መስመሮች አሉት፤ ቻናል እንላቸዋለን። ዜዮን ኢ5 ቪ3 እና ቪ4 በአንድ ሲፒዩ 4 ቻናል አላቸው። ዜዮን ስኬለብል የመጀመሪያውና ሁለተኛው ትውልድ 6፣ ሦስተኛው ትውልድ አይስ ሌክ 8። የኤኤምዲ ኤፒክ 7003 ደግሞ 8፣ የ9004 ተከታታይ 12። ጥሩ አሰካክ ማለት ሁሉም ቻናል እኩል ሲጫን ነው። ባለ 6 ቻናል ሲፒዩ ላይ 6 ወይም 12 ፍሬ ያምራል። 8 ፍሬ ብትሰኩ ይሠራል፤ ጭነቱ ግን ስለሚዛባ የራሙ ጠቅላላ የማስተላለፍ አቅም ይወርዳል። አንዳንድ ሰርቨርም ሲነሳ ይህንኑ አሰላለፍ አልወደድኩትም ብሎ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ራሙ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ቅደም ተከተሉን በግምት አትሥሩ። ዴል ፓወርኤጅ አር740ን እንውሰድ። 24 ስሎት አለው፤ ከኤ1 እስከ ኤ12 ለመጀመሪያው ሲፒዩ፣ ከቢ1 እስከ ቢ12 ለሁለተኛው። ነጭ ክሊፕ ያላቸው ቀድመው ይሞላሉ፣ ጥቁሮቹ ይከተላሉ። ለአንድ ሲፒዩ አንድ ፍሬ ብቻ ካላችሁ ኤ1 ላይ ነው የምትሰኩት። ኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል380 ጄን10 ላይ ግን አንድ ፍሬ ብቻ ሲሆን ቦታው ስሎት 8 ነው። ሁለቱም ባለ 24 ስሎት ሰርቨር ናቸው፤ ልማዳቸው ግን ለየቅል ነው። የብዙ ሰርቨሮች ክዳን ውስጠኛው ገጽ ላይ የስሎቶቹ ሥዕል ተለጥፏል። ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩት።

ሌላው ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር ሁለተኛው ሲፒዩ ነው። ሁለተኛው ሲፒዩ ካልተገጠመ የእሱ ስሎቶች ሙት ናቸው። እዚያ የሰካችሁትን ራም ማንም አያየውም። ሁለቱም ሲፒዩ ካሉ ደግሞ ለሁለቱም እኩል፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አከፋፍሉ። መጠናቸው የሚለያይ ከሆነ ትልልቆቹን በመጀመሪያዎቹ፣ ማለትም በነጮቹ ስሎቶች አድርጉ።

4. አጥፍቶ መሰካት

ሰርቨሩን በሥርዓት ሸትዳውን አድርጉት። ከዚያ የሁለቱንም ፓወር ሰፕላይ ገመድ ንቀሉ፤ ሁለቱንም። አንዱ ተሰክቶ ከቀረ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ገመዶቹ ከተነቀሉ በኋላ የፓወር ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑትና የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡት። ቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት አለመኖሩን አይታችሁ ቀጥሉ።

ከራኩ (ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ) ስትስቡ አንድ ሰርቨር ብቻ ይውጣ። ሁለት ሦስት ሰርቨር አንድ ላይ ወደ ፊት ከወጣ ራኩ ሊደፋ ይችላል። አንቲስታቲክ የእጅ ማሰሪያ እሰሩ፤ ከሌለ ቢያንስ ቀለም ያልተቀባውን የሰርቨሩን ብረት ደጋግማችሁ ንኩ። ራሙን በጠርዙ ያዙ፤ ወርቃማውን ክፍል በጣታችሁ አትንኩት።

አሁን መሰካቱ። የስሎቱን ሁለት ክሊፖች ወደ ውጭ ክፈቱ። የራሙን ክፍተት ከስሎቱ ጥርስ ጋር አገናኙ። ሁለት አውራ ጣቶቻችሁን በሁለቱ ጫፎች ላይ አድርጋችሁ እኩልና ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ክሊፖቹ ራሳቸው ተነስተው «ቀጭ» ይላሉ። ሁለት ጊዜ ነው የምትሰሙት፤ በግራም በቀኝም።

ክሊፑን በጣታችሁ ገፍታችሁ አትዝጉት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ራሙ እስከ መጨረሻው ከወረደ ክሊፑ በራሱ ይዘጋል። በጣታችሁ ስትዘጉት ገና ያልወረደውን ራም የወረደ ታስመስሉታላችሁ፤ ከላይ ስታዩት ሁሉም ዝግ ነው። ሰርቨሩን አስነስታችሁ አንዱ ሲጎድል «ሁሉንም እኮ በደንብ ሰክቻለሁ» ትላላችሁ። ሰክታችሁ ስትጨርሱ ዓይናችሁን ወደ ራሞቹ አናት ዝቅ አድርጉና በጎን በኩል መብራት አብሩበት። አናታቸው አንድ መስመር መሆን አለበት። ከጎረቤቱ በፀጉር ያህል ከፍ ያለ፣ ወይም አንድ ጫፉ የተንጋደደ ካያችሁ እሱ አልገባም። ይህች የአንድ ደቂቃ እይታ የግማሽ ቀን ሥራ ስታድንልኝ አይቻለሁ።

ከመዝጋታችሁ በፊት የአየር መምሪያውን ፕላስቲክ ወደ ቦታው መልሱ። ባዶ ስሎቶች ላይ የነበሩ ባዶ ማስመሰያ ፕላስቲኮች ካሉም አትጣሏቸው። አየሩ በራሞቹ መሃል እንዲያልፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ራሙ ይሞቃል፣ ፋኖቹም ያለማቋረጥ ይጮኻሉ።

5. መጀመሪያ ሲነሳ

ታገሡ። ራም ከተቀየረ በኋላ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ፍሬ ከሲፒዩው ጋር ያለማምዳል፤ የምልክቶቹን ጊዜ ይለካል፣ ያስተካክላል። ብዙ ራም ካለ ይህ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ዲዲአር5 ላይ በተለይ ረዘም ይላል። ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ፓወሩን ያጠፋዋል። ሰርቨሩ ደግሞ ሥራውን ከሀ ይጀምራል፣ ሰውየውም እንደገና ያጠፋዋል።

እኔ ሩብ ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ። በዚያ መሃል በሌላ ኮምፒውተር አይድራኩን ወይም አይሎውን ከፍቼ ሎጉን አያለሁ። ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንም እነሱ ሰርቨሩ ምን ላይ እንደደረሰ ይነግራሉ። የክዳን መከፈቱን የሚናገር መልእክት ሎጉ ላይ ብታዩ አትጨነቁ፤ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።

6. ጭራሽ ካልተነሳ

ሩብ ሰዓቱ አለፈ፤ ምንም የለም። አሁን ሎጉን አንብቡ። ሎጉ ስሎቱን በስሙ ከጠራላችሁ ያንን ፍሬ ብቻ አውጥታችሁ ሞክሩ። የሰርቨሩ ግንባር ላይ ቢጫ መብራት ወይም ትንሽ የጽሑፍ ስክሪን ካለም የሚናገረው አለው።

ሎጉ ዝም ካለ ወደ አሮጌው አሰላለፍ ተመለሱ። አዲሶቹን ሁሉ አውጡና የድሮዎቹን ፎቶው ላይ እንዳሉት መልሱ። ሰርቨሩ ተነሳ? እንግዲያው ችግሩ አዲሶቹ ላይ ወይም አዲሶቹ በገቡባቸው ስሎቶች ላይ ነው። በድሮዎቹም ካልተነሳ ሥራው ላይ ሳላችሁ የነካችሁት ነገር አለ፤ የተነቀለ ገመድ፣ የላላ ካርድ፣ በደንብ ያልተመለሰ ራም።

ከዚህም በኋላ ካልገባችሁ ወደ ትንሹ አሰላለፍ ውረዱ። በየሲፒዩው አንድ ፍሬ ብቻ፣ መመሪያው በሚለው የመጀመሪያ ስሎት። በአንዷ ከተነሳ እየጨመራችሁ ሂዱ። ብዙ ፍሬ ካላችሁ አንድ በአንድ ከመጨመር ለሁለት መክፈል ይፈጥናል። 8 አዲስ ፍሬ ካለ 4ቱን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከተነሳ ችግሩ ሌሎቹ 4 ውስጥ ነው፤ እነሱን ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጉ። በሦስት ሙከራ ጥፋተኛውን ታገኙታላችሁ። በየሙከራው ግን የስሎቱን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ የሚያኮርፈው በአሰላለፉ ይሆናል።

7. ተነስቶ ራሙ ከጎደለ

መጀመሪያ የጎደለው የት እንደሆነ ለዩ። ባዮሱ ላይ ነው ወይስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ?

ባዮሱ ሙሉውን አይቶ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካሳነሰ ራሙን አትንኩት። ችግሩ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ስታንዳርድ ከ32 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ 2012 ስታንዳርድ ግን እስከ 4 ቴራ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ «ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ ራሙን የሚገድብ ምርጫ አለ፤ ድሮ ለሙከራ ያደረገው ሰው ረስቶት ይሆናል። ሊኑክስ ላይም ግሩብ በሚባለው ማስነሻ ውስጥ «ሜም» በሚል ትዕዛዝ መጠኑ ተገድቦ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጊጋ ብቻ ከጎደለ ደግሞ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) እና ሃርድዌሩ ለራሳቸው የያዙት ነው፤ ተዉት።

ባዮሱም ካሳነሰ የጎደለው መጠን ራሱ ፍንጭ ነው። ልክ ግማሹ ከጠፋ ሚረሪንግ በርቶ እንደሆነ እዩ። ሚረሪንግ ማለት ሰርቨሩ እያንዳንዱን ዳታ ሁለት ቦታ ይጽፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ግማሹ ነው። ስፔሪንግ ከበራም ሰርቨሩ የተወሰነውን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ሁለቱም ባዮስ ውስጥ የሚበሩና የሚጠፉ ናቸው።

የጠፋው የአንድ ፍሬ ልክ ከሆነ የትኛው ስሎት ባዶ እንደተባለ ፈልጉ። ሁለት ፍሬ ከጠፋና ሁለቱም የአንድ ቻናል ከሆኑ ግን ሁለት ራም አንድ ላይ ተበላሸ ብላችሁ አታስቡ። ዓይናችሁን ወደ ሲፒዩው አዙሩ። ሁለተኛው ሲፒዩ ስር ያለው ሁሉ ከጠፋም እንደዚያው። ሊኑክስ ላይ «ኑማሲቲኤል» የእያንዳንዱን ሲፒዩ ድርሻ ለየብቻ ያሳያል፤ መዛባቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

የሲፒዩውም ገደብ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ዜዮን ስኬለብል በስሙ መጨረሻ «ኤም» የሚል ፊደል ከሌለው በአንድ ሲፒዩ ከ768 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ «ኤም» ያለው እስከ 1.5 ቴራ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። አንዳንድ ሰርቨር ኤረር ያየበትን ስሎት በራሱ ይዘጋውና ዝግ መሆኑን ያስታውሳል። ራሙን ብትቀይሩትም ስሎቱ እንደተዘጋ ይቆያል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት።

8. ማቀያየር

የጠፋውን ወይም ኤረር የሚሰጠውን ፍሬ አውቃችኋል። አሁን ጥፋቱ የራሙ ነው ወይስ የስሎቱ?

መጀመሪያ ያንኑ ፍሬ አውጥታችሁ እዚያው መልሳችሁ ሰኩት። ስሎቱ ውስጥ አቧራ ካለ በታሸገ አየር ንፉት። ወርቃማው ጠርዝ ከቆሸሸ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ፣ ቃጫ በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉትና ይድረቅ። በላጲስ አትፈትጉት፤ ወርቁን ይልጠዋል። ይህ ብቻውን ካስተካከለው ጥሩ።

ካልተስተካከለ የተጠረጠረውን ፍሬ ከሌላ ቻናል ደህና ፍሬ ጋር ቦታ አቀያይሩ። እነዚህን ሁለት ብቻ። አስነሱና ሎጉን እዩ። ኤረሩ ራሙን ተከትሎ ወደ አዲሱ ስሎት ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ራሙ ሄዶ ኤረሩ በድሮው ስሎት ላይ ከቀረ ራሙ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ የስሎቱ፣ የቦርዱ ወይም የሲፒዩው ነው።

አንድ ጊዜ 12 ፍሬ ባለ 32 ጊጋ የተሰካበት ሰርቨር ላይ 384 መሆን ሲገባው 320 አሳየኝ። ሁለት ፍሬ ጠፍተዋል። ቸኩዬ ስለነበር አራት ፍሬ በአንዴ አዘዋወርኩ፣ ባዮሱንም በዚያው አዘመንኩ። ሲነሳ አሁንም 320 ነው። የቱ ራም ድሮ የት እንደነበር ግን አላውቅም፤ አልጻፍኩትማ። ያን ሁሉ ሰዓት ያባከንኩት ፍንጩን ራሴ ስላጠፋሁት ነው። በማግስቱ ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ፍሬ ብቻ አቀያየርኩ። ስሎቶቹ አሁንም ባዶ ናቸው ይላል፤ የተዘዋወሩት ራሞች በአዲሱ ቦታቸው ደህና ይታያሉ። ሁለቱ ስሎቶች ደግሞ የአንድ ቻናል ናቸው። ሂትሲንኩን (የሲፒዩውን ማቀዝቀዣ ብረት) አንስቼ ሲፒዩውን አውጥቼ አየሁት። ሶኬቱ ውስጥ የታጠፈ ፒን አልነበረም። ሲፒዩውን መልሼ፣ አዲስ ቴርማል ፔስት ቀብቼ፣ ብሎኖቹን በተጻፈላቸው ቅደም ተከተል እኩል አጠበቅኩ። 384 ሆነ።

ሲፒዩ በሶኬቱ ላይ የሚቀመጠው በሺህ በሚቆጠሩ ቀጫጭን ፒኖች ላይ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ከ3,000 ያልፋሉ። አንድ ብሎን ከሌላው ከላላ ግፊቱ ይዛባና የአንድ ቻናል ፒኖች በደንብ አይነኩም። ስለዚህ ሲፒዩ የወጣበት፣ ሂትሲንክ የተነካበት ሰርቨር ላይ ቻናል ከጠፋ መጀመሪያ እዚያ እዩ። ፒን ታጥፎ ካገኛችሁ በራሳችሁ ለማቅናት አትሞክሩ፤ ቦርዱ ዋስትና ካለው ለባለዋስትናው ስጡት።

9. ፍጥነቱ ቀንሶ ካያችሁት

ብዙውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ሁሉም ራም በቀርፋፋው ፍጥነት ነው የሚሄደው። 2666 እና 2400 ከቀላቀላችሁ ሁሉም 2400 ይሆናል። ሲፒዩውም ገደብ አለው፤ ዜዮን ኢ5 ቪ4 ከ2400 አያልፍም። በአንድ ቻናል ሦስት ፍሬ ስትሰኩም ብዙ ሰርቨሮች ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋሉ። መጠን ከፈለጋችሁ ፍጥነት ትከፍላላችሁ።

10. ወደ ሥራ ከመመለሳችሁ በፊት ፈትኑት

ሁሉም ታየ፣ ፍጥነቱም ልክ ነው። ዕድሉ ካላችሁ አንድ ሌሊት ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም አስኬዱበት። ብዙ መቶ ጊጋ ያለው ሰርቨር ላይ አንድ ዙር እንኳ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ማታ አስጀምራችሁ ጠዋት እዩት።

ጠዋት ግን የሜምቴስቱን አረንጓዴ ውጤት ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ኢሲሲ የአንድ ቢት ስህተትን ሶፍትዌሩ ሳያየው ያርመዋል። ሜምቴስቱ «ምንም ስህተት የለም» እያለ የሰርቨሩ ሎግ በታረሙ ኤረሮች ተሞልቶ ሊያድር ይችላል። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። ሎጉን መጀመሪያ ላይ አጽዱት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

11. ቆይቶ የሚመጣ ኤረር

ኤረር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የታረመው ነው፤ አንድ ቢት ተሳስቶ ኢሲሲ አስተካክሎታል፣ ሥራው አልቆመም። ሁለተኛው ያልታረመው ነው፤ ሰርቨሩ ዳታውን ማመን ስላልቻለ ሊቆም ወይም ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል።

አንድ የታረመ ኤረር በወራት መሃል ብቅ ቢል ጻፉትና እለፉ። ያው ስሎት ላይ ደጋግሞ ከመጣ፣ ቁጥሩም ከቀን ቀን ከጨመረ ግን ያ ፍሬ እየደከመ ነው፤ ያልታረመው ሳይመጣ ቀይሩት። ያልታረመ ኤረር አንድ ጊዜ እንኳ ከታየ አትጠብቁ። ሊኑክስ ላይ «ራስዴሞን» ይህን እየተከታተለ ይመዘግባል። ዊንዶውስ ላይ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ዊያ ሎገር» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ሰርቨር ደግሞ ብዙ የታረመ ኤረር ሲያይ ሪስታርት አድርጉኝ ይላል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ቺፖች ውስጥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ትርፍ ቦታ አለ፤ ሲነሳ የተበላሸውን በእሱ ይተካዋል። ከሪስታርቱ በኋላ ኤረሩ ከጠፋ ራሙን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

የራሙንም ሙቀት እዩ። ኤረሩ የሚመጣው ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ከሆነ የአየር መምሪያውን ፕላስቲክ ረስታችሁት እንደሆነ፣ ወይም ፋን ቆሞ እንደሆነ አረጋግጡ።

ራሙን ለሻጩ ስትመልሱ የወረቀታችሁን ፎቶና የሎጉን ኮፒ አብራችሁ ላኩ። የትኛው ፍሬ፣ የት ስሎት ነበር፣ ወዴት ተዘዋወረ፣ ኤረሩ ተከተለው ወይስ ቀረ። ይህ በእጃችሁ ካለ ክርክሩ አጭር ነው። ቀሪዎቹን ሰክታችሁ ስታስነሱ ሎጉን እንደገና አጽዱ፤ ከሳምንት በኋላም ከፍታችሁ እዩት።